ቤትን በቅንነት ስለ መሸጥ

የስብከቱ ምንባብ፤ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32 ከቍጥር 6 እስከ 15፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ቍጥር 14።



በካርቱም ከተማ በስተ ደቡብ ሳጃና የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በዐረብኛ የወኅኒ ጠባቂዎች ማለት ነው። ሰፈሩ ከሁሉ ይልቅ በገበያው ታውቋል፤ ቤት የሚሠራ ሰው ብረቱንና ሲሚንቶውን፥ ሳንቃውንና ቀለሙን ለመግዛት ወደዚያ ይሄድ ነበርና። በዚህ ሰፈርና በአቅራቢያው ባለው በዴም ከአገራቸው የወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለብዙ ዓመታት ኖረዋል፤ በዚያ ሠርተዋል፥ ልጆች ወልደዋል፥ ሙታናቸውንም ቀብረዋል።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ። ከተማይቱም የጦር ሜዳ ሆነች፤ ቤቶች ተዘረፉ፥ ከግድግዳው ውስጥ የመብራት ሽቦ ሳይቀር ተመዝዞ ተወሰደ። ከሕዝቡ አንዳንዱ በመተማ በኩል፥ ሌላው በሌላ መንገድ ተሰደደ። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የአገሪቱ ጦር ቤተ መንግሥቱን ከያዘ በኋላ ከተሰደዱት ብዙዎች መመለስ ጀመሩ። እንዲህ ባለ ዘመን ቤት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። አንዱ ዳግመኛ ላይመለስ ቤቱን ይሸጣል፤ ሌላው ለመንገድ ስንቅ፥ ለልጁም መሻገሪያ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ያለውን የአባቱን ቤት በስልክ ይሸጣል። ደላላውም ሸሽቷል፥ ወይም የሚጠይቀው ዋጋ ከብዷል። ስለዚህ ሻጭና ገዢ ሲምሳር ሳይገባባቸው ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

እንግዲህ በዛሬው ቃላችን የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ደላላ በሌለበት በሁለቱ መካከል የሚቆመው ማን ነው?

ደላላ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው ከጀርባው ይሸሸጋል። ቤቱ ጐርፍ የሚገባበት ሆኖ ሳለ ደላላው፦ ይህ ቤት ውኃ አያውቀውም ቢል፥ ባለቤቱ ዝም ብሎ ይሰማል። ኋላም ሲጠየቅ፦ እኔ አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ የዋሸው ደላላው ነው ይላል። ዝምታውን እንደ ጽድቅ፥ የደላላውንም ምላስ እንደ መጋረጃ ያደርገዋል። ደላላ ከሌለ ግን መጋረጃው ተቀደደ። የሚናገረው አፍ የባለቤቱ አፍ ነው፤ ዝም የሚለውም ልብ የባለቤቱ ልብ ነው። ስለዚህ ያለ ደላላ መሸጥ የገንዘብ ጥቅም ብቻ አይደለም፤ የኅሊናም ፈተና ነው። ሁለቱ ብቻቸውን የተቀመጡ ቢመስላቸውም የሁለቱን ልብ የሚመረምር ሦስተኛ አለ፤ እርሱም እግዚአብሔር ነው።

በመጀመሪያ ነቢዩ ኤርምያስን እንመልከት።

ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ ነበር። ራብም በከተማይቱ በርትቶ ነበር። ኤርምያስም በንጉሡ ቤት አጠገብ በወኅኒ ጠባቂዎች አደባባይ ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ያን ጊዜ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ለመነው። ያ እርሻ የጠላት ጦር በሰፈረበት አገር ውስጥ ነበረ። ነቢዩ ግን ይህ ነገር ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ ዐውቆ ገዛው። አስተውሉ፤ ሻጩም ገዢውም ሥጋ ዘመዳሞች ነበሩ፥ ጊዜውም የጥድፊያ ጊዜ ነበረ። ነገር ግን ሥራውን በጥድፊያ አልሠሩትም። አሥራ ሰባት ሰቅል ብር በሚዛን ተመዘነ፤ ውሉ ተጻፈ፥ ታተመ፥ ምስክሮች ፈረሙበት። አንዱ ቅጂ የታተመ፥ ሌላው የተከፈተ ሆኖ፥ ሁለቱም ብዙ ዘመን እንዲቈዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጡ ለባሮክ ተሰጡ። ይህም ሁሉ የተደረገው በአደባባዩ በተቀመጡት ሰዎች ፊት ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ብዙ ጊዜ በመካከላችን፦ እኛ እኮ የአንድ አገር ልጆች ነን፥ በአንድ ጉባኤ የምንጸልይ ነን፥ ወረቀት ምን ያደርግልናል? ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን ፍቅር ብርሃንን አይፈራም። ኤርምያስ የአጎቱን ልጅ ስላልወደደው አይደለም ብሩን በሰው ፊት የመዘነው፤ ነገሩ ነገ ጠብ እንዳይወልድ ነው እንጂ። በጦርነት ጊዜ ምስክር ይሞታል፥ መዝገብ ይቃጠላል፥ ሰው ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። እውነተኛ ሻጭ ራሱ በሌለበት ቀን እንኳ ለገዢው የሚመሰክርለትን ወረቀት ትቶ ይሄዳል።

ሁለተኛ፥ ስለ ቤት ነውር የተሰጠውን ሕግ እንመልከት።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 በቤት ግድግዳ ላይ ደዌ የሚመስል ነገር ሲታይ ምን እንደሚደረግ ተጽፏል። በዚያ ሕግ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ወደ ካህኑ ሄዶ የሚናገረው ጎረቤት አይደለም፥ ጠላትም አይደለም፤ የቤቱ ጌታ ራሱ ነው። በቤቱ ውስጥ ክፉ ነገር እንደ ታየው አስቀድሞ በአፉ ይናገራል። ከዚያም የተበላሹት ድንጋዮች ይወጣሉ፥ ግድግዳው ይፋቃል፥ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይጠገናል። ነውሩ ዳግመኛ ቢወጣ ቤቱ ይፈርሳል። እንግዲህ እግዚአብሔር የተበላሸው ድንጋይ በውስጥ ሳለ ላዩን መለሰንን ጥገና ብሎ አልተቀበለም።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ቤት ልንሸጥ ባሰብን ጊዜ አስቀድመን ቀለም ወደሚሸጥበት ገበያ እንሄዳለን። ቤትን ማሳመር ኀጢአት አይደለም፤ ንጹሕ ቤት ለገዢው ክብር ነው። ነገር ግን ቀለሙ የተቀባው ስንጥቁ እንዳይታይ ከሆነ፥ ያ ቀለም ውሸት ነው። ሰው በምላሱ ብቻ ሳይሆን በብሩሽም ይዋሻል። በካርቱም በ1980 ዓ.ም. በክረምት የወረደው ታላቅ ዝናብ ብዙ የጭቃ ቤቶችን አፈረሰ፤ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻም ዐባይ ሞልቶ ብዙዎችን ከቤታቸው አስወጣ። ውኃው እስከ የት እንደ ደረሰ በግድግዳው ላይ የቀረውን ምልክት የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። በበጋ ቤቱን ለሚያይ ሰው ያን ምልክት ሸፍኖ ማሳየት፥ ክረምት በመጣ ጊዜ ልጆቹን በውኃ ውስጥ እንዲያስተኛ አሳልፎ መስጠት አይደለምን? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ሌላው ከጣራው ወድቆ እንዳይሞት፥ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። እግዚአብሔር ስለማናውቀው እንግዳ ሕይወት እንኳ ከባለቤቱ እጅ ይጠይቃልና።

ደግሞም የቤት ነውር በጭቃና በእንጨት ብቻ አይደለም። ዕዳ የተያዘበት ቤት፥ ወራሾች ያልተስማሙበት ቤት፥ ድንበሩ ከጎረቤት ጋር የሚያከራክር ቤት፥ ሚስት ሳታውቅ ባል የሚሸጠው ቤት፥ እነዚህ ሁሉ ከውጭ ሲያዩአቸው ጤነኞች ናቸው። ምስጡ ግን በውስጣቸው አለ።

ሦስተኛ፥ ሕግ የሚጠይቀውንና እግዚአብሔር የሚጠይቀውን እንለይ።

የምድር ሕግ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና ይደነግጋል፤ በቍጥር 1723ም ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዛል። በቍጥር 1704 ደግሞ አንዱ ወገን በተንኰል ሌላውን አታሎ ያስገባው ውል ሊፈርስ እንደሚችል ተጽፏል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በቍጥር 68 ባልና ሚስት የጋራ ቤታቸውን ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጡ ያዛል። በሱዳንም እ.ኤ.አ. በ1925 ከወጣው የመሬት ምዝገባ ሕግ ጀምሮ መሬት በመዝገብ ይጻፋል፤ ገዢም ባለቤቱ ማን እንደ ሆነና በንብረቱ ላይ ዕዳ እንዳለበት የሚገልጠውን ሸሃደት ባሕስ የሚባለውን ማስረጃ ይጠይቃል።

እነዚህን ሕግጋት ማክበር ይገባናል። ሆኖም ሰው ሕጉን ሁሉ ፈጽሞ ወንድሙን ሊበድል ይችላል። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባወጣው ታላቁ ካቴኪዝም ይህን በግልጥ አስተምሯል። ስለ ሰባተኛው ትእዛዝ ሲናገር፥ ስርቆት ሣጥን መስበር ብቻ እንዳይደለ፥ በገበያ መካከል በመጥፎ ዕቃና በሐሰተኛ ሚዛን የሚያታልልም ሰው ሌባ እንደ ሆነ ያስረዳል። የባልንጀራን ቤት መመኘትን ስለሚከለክለው ስለ ዘጠነኛው ትእዛዝ ሲናገር ደግሞ፥ ይህ ትእዛዝ በሰው ዘንድ ጨዋ ለሚባሉት፥ የሌላውን ገንዘብ ሕጋዊ በሚመስል መንገድ ወደ ራሳቸው ለሚስቡት እንደ ተሰጠ ያመለክታል። ወረቀቱ ንጹሕ፥ ማኅተሙም ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ በማኅተሙ ሥር ግን የታተመው የወንድም እንባ ከሆነ፥ እግዚአብሔር ያን ውል አያነበውምን?

በዚህ ቦታ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቀን ይሆናል፤ ገዢ ዐይን የለውምን? አይቶ ይግዛ! መልሳችን ይህ ነው፤ ዐይን የሚያየውን እርሱ ይይ፤ ዐይን የማያየውን ግን አንተ ንገረው። በተለይም ገዢው በሩቅ አገር ሆኖ በስልክ ብቻ የሚገዛ ሲሆን፥ ዐይኑ የአንተ ቃል ነው። ዕውርን በመንገዱ ማሰናከል በሙሴ ሕግ የተወገዘ ነው።

ደግሞም፦ እንግዲያስ የሆዴን ሁሉ ልዘርግፍን? የሚል ይኖራል። አይደለም። የሚሸጥ ሰው ችግሩን ሁሉ፥ ሊቀበለው የሚችለውንም የመጨረሻ ዋጋ እንዲናገር አይገደድም። ቤቱ ለገዢው የሚያመጣበትን ጉዳት ግን ሊሸሽግ አይገባውም። ምሥጢር የራስን ነገር መጠበቅ ነው፤ ተንኰል የሌላውን ሰው ድርሻ መሰወር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ይህ ነው። አንዲት እናት፦ ስንጥቁን ከተናገርሁ ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው ከወረደ ልጄን የማሻግርበት ገንዘብ አይሞላልኝም፤ ታዲያ ምን ላድርግ? ብትለን፥ በቀላል ቃል ልንመልስላት አንደፍርም። እውነት ዋጋ ታስከፍላለች፤ ይህን አንሸሽግም። መዝሙር 15 በእግዚአብሔር ተራራ ስለሚኖር ሰው ሲናገር ቃሉ ቢጎዳውም እንኳ የማይለውጥ እንደ ሆነ ያመለክታል። ነገር ግን እናቲቱን እንዲህ እንላታለን፤ ያን ቤት የሚገዛውም ሰው ልጅ አለው። የአንቺን ልጅ ለማዳን የእርሱ ልጅ በሚፈርስ ጣራ ሥር ይተኛ ዘንድ አትወጂም። ጉባኤውንም እንዲህ እንላለን፤ እኅታችን እውነትን በመናገርዋ የጎደለባት ገንዘብ የእኛ ዕዳ ነው። የአንዱ ብልት ሕመም የሁሉ ሕመም ከሆነ፥ የእውነትን ዋጋ አንዲት ድኻ ብቻዋን እንድትከፍል መተው አይገባንም።

አራተኛ፥ ቃሉ ለገዢውም የተነገረ ነው።

በዘሌዋውያን 25 ቍጥር 14 ያለው ትእዛዝ ለሻጭና ለገዢ አንድ ሆኖ ተሰጥቷል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው እንዳይበዳደሉ። በጦርነት ዘመን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበድለው ገዢው ነው። ሰውዬው ሊሸሽ እንደ ሆነ፥ ነገም ሊያድር እንደማይችል ዐውቆ፥ የዐሥር ዓመት ድካሙን በአንድ ጆንያ ዱቄት ዋጋ ይወስድበታል። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 20 የተነገረለት ገዢ በሻጩ ፊት ዕቃውን ያናንቃል፥ ዘወር ካለ በኋላ ግን ስለ ትርፉ ይመካል። እንዲህ ያለ ሰው ሰፊ ቤት ገዝቶ ይሆናል፤ ነገር ግን የጎረቤቱን መከራ መሠረት አድርጎ ቤት የሠራ በሰላም ይተኛበታልን? ከተዘረፈ ቤት የወጣ በርና መስኮት፥ ሽቦና ቧንቧ በርካሽ የሚገዛም ከዘራፊው ጋር ማኅበርተኛ ነው።

አሁንም፥ የተወደዳችሁ ሆይ፥ ያለ ደላላ ለምትሸጡና ለምትገዙ ሁሉ ጥቂት ምክር እንሰጣችኋለን።

ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የቤቱን ጕድለት ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ለገዢውም ስጡት። ሳይጠየቅ የተነገረ ጕድለት እምነትን ይወልዳል፤ ተደብቆ የተገኘ ጕድለት ግን የተናገራችሁትን እውነት ሁሉ ያጠፋል።

የምትሸጡት ምን እንደ ሆነ በእውነት ንገሩ። በኢትዮጵያ የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 47 የመንግሥት ሆኗል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣውም ሕገ መንግሥት መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል። ስለዚህ ቤቱን እንጂ መሬቱን እንደምትሸጡ አድርጋችሁ አትናገሩ። ኦሪትም ምድር የእግዚአብሔር እንደ ሆነች፥ እኛም በእርስዋ ላይ መጻተኞች እንደ ሆንን አስቀድማ አስተምራናለች።

በውክልና የምትሸጡ ሆይ፥ ውክልናው ያልተሻረ፥ የወከላችሁም ሰው በሕይወት ያለ መሆኑን አረጋግጡ። የሸጣችሁበትንም ዋጋ ሳታጓድሉ ለባለቤቱ አስታውቁ። በስደት ያለ ወንድም ሊቈጣጠራችሁ አይችልም፤ ስለዚህም እምነቱ የከበረ አደራ ነው።

አንድን ቤት ለሁለት ሰው አትሽጡ። ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ ሌላ ሰው ዋጋ ጨምሮ ቢመጣ፥ ሕጉ የተቀበላችሁትን ቀብድ ዕጥፍ መልሳችሁ ከውሉ እንድትወጡ ይፈቅድ ይሆናል፤ ነገር ግን ክርስቲያን ቃሉን በዕጥፍ ቀብድ አይሸጥም።

ገንዘቡን በምስክሮች ፊት ቍጠሩ። አብርሃም ለሣራ መቃብር የመክፈላን እርሻ ከኤፍሮን ሲገዛ አራት መቶ ሰቅል ብሩን በከተማው በር ሕዝቡ እየሰማ መዘነ። የጉባኤ ሽማግሌዎችም ሲጠሩ ይምጡ፤ ነገር ግን እንደ ምስክሮች እንጂ ዋጋ እንደሚቀበሉ ደላሎች አይሁኑ።

በመጨረሻም፥ ይህን ሁሉ የሰማን እኛ በሕግ ፊት ንጹሓን ነንን? በልባችን ያልሸፈንነው ስንጥቅ ማን አለው? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 መሬታቸውን ሽጠው ከዋጋው ከፊሉን ስለ ሰወሩት ስለ ሐናንያና ስለ ሰጲራ ይነግረናል። የተፈረደባቸው ሁሉን ስላልሰጡ አልነበረም፤ መሬቱም ዋጋውም በእጃቸው ነበረና። የተፈረደባቸው በእግዚአብሔር ፊት ስለ ዋሹ ነው። በዚህ ቃል ፊት ሁላችን እንንቀጠቀጥ።

ነገር ግን ወንጌል ይህን ይነግረናል፤ ስለ እኛ የተሸጠ አንድ አለ። በሠላሳ ብር ተሸጠ፤ በዚያም ብር፥ ማቴዎስ በምዕራፍ 27 እንደሚተርከው፥ ለእንግዶች መቃብር የሚሆን የሸክላ ሠሪ መሬት ተገዛ። በሰው አገር ለሚሞቱ፥ የራሳቸው ቤትና መሬት ለሌላቸው፥ በጌታ ዋጋ ማረፊያ ተገኘላቸው። ይህ ለእኛ ለመጻተኞች ታላቅ መጽናናት ነው። እርሱ ራሱን የሚያስጠጋበት ሳይኖረው በአባቱ ዘንድ ስፍራ አዘጋጀልን፤ የእኛንም ነውር ሁሉ ዐውቆ፥ አንዳች ሳይሰወርበት፥ በሙሉ ዋጋ ገዛን። የውስጣችንን ስንጥቅ የሚያውቅ ገዢ ከወደደን፥ ለምን ስንጥቃችንን እንሸሽጋለን?

እንግዲህ በቅንነት የምንሸጠው ጽድቅን ለማግኘት አይደለም፤ ጽድቅን በነጻ ስላገኘን ነው እንጂ። በተንኰል ሸጦ የበላ ወንድም ካለ፥ ጌታ ወደ ቤቱ የገባለትን ዘኬዎስን ይመልከት። ይቅርታን ካገኘ በኋላ በሐሰት የወሰደውን አራት ዕጥፍ ሊመልስ ተነሣ። አንተም ለገዛህ ሰው ደውልለት፤ የሰወርኸውን ንገረው፤ የተረፈህን መልስለት። ዘመኑ ገና አላለፈም።

ኤርምያስ ያን እርሻ የገዛው በዚያ አገር ዳግመኛ ቤትና እርሻ፥ የወይን ቦታም እንደሚገዛ እግዚአብሔር ስለ ነገረው ነው። በፈረሰችው ከተማ ሰዎች ዳግመኛ ግድግዳ ሲያቆሙ፥ ግድግዳው በእውነት ላይ ይቁም። ሲሚንቶና ብረት በገበያ ይገኛል፤ መተማመን ግን በገበያ አይገኝም።

እንጸልይ። ጌታ አምላክ ሆይ፥ አንተ የምድር ሁሉ ባለቤት ነህ፤ እኛም በአንተ ምድር ላይ እንግዶች ነን። በምንሸጥበትና በምንገዛበት ጊዜ አፋችንን ከሐሰት፥ ልባችንንም ከስስት ጠብቅ። በጦርነት ቤታቸው ለፈረሰባቸው መጠጊያ ሁናቸው። እውነትን ተናግረው የጎደለባቸውን በወንድሞቻቸው እጅ ሙላላቸው። በሰው እጅ ወዳልተሠራውም ቤት በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ በኩል አግባን። አሜን።